ወድቄ ዝም ያልኩበት ሌሊት

«ምነው እግርሽ? ታነክሻለሽ እኮ!»

እናቴ ይህን ያለችኝ ገና ደጃፉን ሳልረግጥ ነው። ጊዜው ጥር 2011 ዓ.ም. ነበር። ከባለቤቴ ጋር ከአሜሪካ መጥተን፣ ከአዲስ አበባ ተነሥተን፣ የዓባይን በረሃ ተሻግረን፣ ደጀንን አልፈን የተወለድኩባት ቁይ ስንደርስ ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነበር። ቁይን ለማታውቁ፣ በምሥራቅ ጎጃም የደባይ ጥላትግን ወረዳ ዋና ከተማ ናት። የእናቴ ዓይን ደክሟል። ሰው ለመለየት እጇን ትዘረጋለች። ኮቴ ግን አያመልጣትም። ስምንት ዓመት ያላየችኝን ልጇን በኮቴዬ ለየችኝ፤ ኮቴዬ ላይ ጉድለት እንዳለም ወዲያው አወቀች።

«ምንም አይደለም እማዬ፣ መንገዱ አድክሞኝ ነው» አልኳት።

ባለቤቴ ከኋላዬ ጉሮሮውን ጠረገ። ጉሮሮ መጥረግ ምን ማለት እንደ ሆነ በትዳር የኖረ ሰው ያውቀዋል። «አሁንም? እንደገና?» ማለቱ ነበር። ፊቴ ጋለ። አንድ ዓመት ሙሉ በብዙ እንባ የተማርኩትን ትምህርት የእናቴ ደጃፍ ላይ በአንድ አፍታ ረሳሁት።

የተወደዳችሁ አንባቢያን፣ «እንደገና» ያሰኘውን ነገር ላካፍላችሁ እወዳለሁ። ታሪኩ በሥራ ቦታ ስለ መውደቅ ነው። ወድቆ ዝም ማለት በትዳርና በባልንጀራ ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳትም ነው።

የሰው እናት ስጦር

በዋሽንግተን ዲሲ አቅራቢያ፣ በቨርጂኒያ ግዛት በሚገኝ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ በነርስ ረዳትነት እሠራ ነበር። የቦታውን ስም አልጠራም፤ ዓላማዬ መክሰስ አይደለምና። በዚያ አካባቢ የሚኖር የሀገራችን ሰው ይህን ሥራ በደንብ ያውቀዋል። እሑድ ጠዋት በአምልኮ መካከል የሚያንቀላፉ እህቶችን ብታዩ አትፍረዱባቸው። ብዙዎቹ ሌሊቱን ሙሉ አረጋውያንን ሲያገላብጡ፣ ሲያጥቡና ሲያለብሱ አድረው ነው የመጡት።

በእኛ ሀገር ትልቅ ሰው ሲመርቅ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣሽ» ይላል። እኔ የማላውቃቸው ሰዎች ጧሪ ሆኜ በማገኘው ደመወዝ ለእናቴ መድኃኒት እገዛ ነበር። ቁይ ላይ እናቴን በእጇ የምትጦራት ግን ታናሽ እህቴ ናት። ይህ ነገር ልቤን ስለሚከብደው የሌሎችን እናቶች እንደ እናቴ አድርጌ ለመያዝ እጥር ነበር።

ሥራ ስንጀምር ስለ አረጋውያን መውደቅ ብዙ አስተማሩን። አልጋቸው ዝቅ ይላል፣ ደወል በእጃቸው ይሰጣል፣ የማያንሸራትት ካልሲ ይደረግላቸዋል። የእኛን የሠራተኞቹን መውደቅ ግን ብዙም የሚያነሣው አልነበረም። ነገር ግን በአሜሪካ በሥራ ላይ ከሚጎዱት ሠራተኞች በግንባር ቀደምነት ከሚጠቀሱት መካከል የነርስ ረዳቶች ይገኙበታል። ወገባቸውን ሰው ሲያነሡ ይጎዳሉ፤ እጅና እግራቸውን ተንሸራተው ወይም ተደናቅፈው ሲወድቁ ይሰብራሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ወለሉ በየሰዓቱ ይወለወላል፤ ከመታጠቢያ ክፍል ውሃ ይወጣል፤ የኦክስጅንና የአልጋ ገመድ በየወለሉ ይዘረጋል፤ ሌሊት አረጋውያኑ እንዲተኙ መብራት ይደበዝዛል። በዚህ ሁሉ መካከል ሦስት ደወል በአንድ ጊዜ ይጮኻል።

ያ ሌሊት

ታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ነበር። የማታውን ሺፍት ጨርሼ ሰው ስለ ጎደለ የሌሊቱንም ደርቤ ያዝኩ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ የቆሸሸ አንሶላ የታጨቀበትን ከረጢት በሁለት እጄ አቅፌ በመተላለፊያው እሄድ ነበር። ከረጢቱ እስከ አገጬ ስለሚደርስ የምረግጠውን አላይም። ከሻወር ክፍሉ በር ሥር ውሃ እንደሚወጣ ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ፎጣ እየጣልንበት እናልፋለን። ደወል ሰማሁና ፈጠን አልኩ። እግሬ ከሥሬ ሄደ። ጉልበቴ እንደ ደረቅ እንጨት «ቋ» ሲል በጆሮዬ ሰማሁት።

የፈረቃው ነርስ ከወዲያ ጫፍ «ደህና ነሽ?» አለችኝ።

«ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ቸኩዬ ነው» አልኳት። ከዚያም ተነሥቼ ውሃውን በዚያው በአንሶላው አደረቅሁት። ወደ ጠራው ደወል እያነከስኩ ሄድኩ።

ለምን ዝም አልኩ? በኋላ ስመረምረው አራት ነገር አገኘሁ። አንደኛ፣ ሰዓቴን ይቀንሱብኛል ብዬ ፈራሁ። ሁለተኛ፣ የእናቴ የወሩ ገንዘብ ገና አልተላከም ነበር። ሦስተኛ፣ ባለቤቴ «ሁለት ሺፍት አትደርቢ፣ ትወድቂያለሽ» ብሎኝ ስለ ነበር ትክክል መሆኑን ላሳየው አልፈለግሁም። አራተኛው መንፈሳዊ ይመስላል። «ጌታ ይፈውሰኛል፤ ማጉረምረም ለአማኝ አይገባም» አልኩ። አሁን ሳስበው ፍርሃቴን የእምነት ልብስ አልብሼው ነበር።

ባለቤቴ ታክሲ ይነዳል። በዚያ ጊዜ እኔ ከሥራ ስገባ እርሱ ሊወጣ ነው። በቀን አብረን የምናሳልፈው አርባ ደቂቃ ቢሆን ነው። የቀረውን የምንነጋገረው ፍሪጅ ላይ በምንለጥፈው ወረቀት ነበር። አርባ ደቂቃ ሕመምን ለመደበቅ በቂ ነው። «ጉልበትሽ ምን ሆነ?» ሲለኝ «ደረጃ ላይ መታሁት» አልኩት። ሌሊት ሥራ ላይ የሕመም ማስታገሻ እየዋጥኩ፣ ጉልበቴን በጨርቅ አስሬ ቀጠልኩ።

ሃያ አራተኛው ቀን

በወደቅሁ በሃያ አራተኛው ቀን ወደ ሥራ ስገባ አንዲት የሥራ ባልደረባችን እንደሌለች አየሁ። ከጋና የመጣች፣ ስድሳ ዓመት ሊሞላት ጥቂት የቀራት እናት ናት። ሌሊት እንቅልፍ ሲጥለኝ ዝንጅብል ሻይ ታፈላልኝ ነበር። «በጠዋት ወድቃ ዳሌዋ ተሰብሯል» አሉኝ። የት እንደ ወደቀች መጠየቅ አላስፈለገኝም። ግን ጠየቅሁ። ሻወር ክፍሉ በር ላይ ነው አሉ።

በማግስቱ ሆስፒታል ሄጄ ጠየቅኋት። ኦፕራሲዮን ተደርጋለች። እጄን ይዛ «እዚያ ቦታ ይህን ያህል ውሃ ይኖራል ብዬ መች አሰብኩ!» አለችኝ። እርሷ ከጥቂት ቀን በፊት ነበር ከሌላ ፎቅ ወደ እኛ የተዛወረችው። እኔ ግን ከአንድም ቀን በላይ አውቅ ነበር። በጉልበቴ አውቅ ነበር። ያን ሌሊት ወረቀት ሞልቼ ቢሆን ኖሮ ቱቦው ይሠራ ነበር ብዬ ልምል አልችልም። ቢያንስ ግን እርሷ ባወቀች ነበር።

«እኔም እዚያው ወድቄ ነበር። ዝም አልኩ። ይቅር በይኝ» አልኳት። ለረጅም ጊዜ አልመለሰችልኝም። ከዚያ «ልጄ፣ እኔም ብሆን ዝም እል ነበር» አለችኝ። ይህ ቃሏ ከስድብ በላይ አመመኝ። ሁላችንም ዝም የምንል ከሆነ ማን ይናገራል?

የኩሽናው ጠረጴዛ

ያን ዕለት ማታ ባለቤቴ ሥራውን ትቶ እንዲመጣ ለመንኩት። ኩሽና ተቀምጠን ሁሉን ነገርኩት። የሚጮኽ መስሎኝ ነበር፤ አልጮኸም። ዝም ብሎ ጉልበቴን አየና «የታመመው ጉልበትሽ ብቻ አይደለም። ሦስት ሳምንት ከማን ጋር ነው የኖርኩት?» አለኝ። ይህን መልስ አጣሁለት። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ግን ተነሥቶ ከኮቱ ኪስ አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። እንዳልጨነቅ ብሎ ሁለት ወር የደበቀኝ የትራፊክ ቅጣት ነበር። ሁለታችንም እያለቀስን ሳቅን። አንዱ ሌላውን እንዳያስጨንቅ እያልን በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ብቸኞች ሆነን ነበር።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያናችን በእንዲህ ያለ ጉዳይ ልምድ ያለውን አንድ ወንድም ጠራነው። ሦስት ጥያቄ ጠየቀኝ። «ከወደቅሽ ስንት ቀን ሆነሽ? ለማን ነገርሽ? በምን ላይ ተንሸራተትሽ?»

ሃያ ስድስት ቀን ሆኖኝ ነበር። በቨርጂኒያ ሕግ በሥራ ላይ የተጎዳ ሠራተኛ አደጋው በደረሰ በ30 ቀን ውስጥ ለአሠሪው በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። ይህ ብቻ አይበቃም። የካሳ ጥያቄውንም ራሱ ሠራተኛው በሁለት ዓመት ውስጥ ለግዛቱ የሠራተኞች ካሳ ኮሚሽን ማቅረብ አለበት። ብዙ ሰው «ለአለቃዬ ነግሬአለሁ» ብሎ ይቀመጥና መብቱ ያልፍበታል። ቀኑ ከግዛት ግዛት ይለያያል። ለምሳሌ በጎረቤት ሜሪላንድ ለአሠሪው የሚነገርበት ጊዜ 10 ቀን ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ ይበልጥ አስደነገጠኝ። በዚህ የካሳ ሥርዓት ጥፋቱ የአሠሪው ነው ብሎ ማስረዳት አያስፈልግም። ሠራተኛዋ ቸኩላ ብትወድቅም በዚያ ብቻ አትከለከልም። በምትኩም አሠሪዋን በፍርድ ቤት መክሰስ አትችልም። በቨርጂኒያ ግን የወደቀችው በሥራው ውስጥ ባለ አደገኛ ነገር ምክንያት መሆኑን ማስረዳት አለባት። «እንዲሁ ወደቅሁ፣ ምክንያቱን አላውቅም» ያለ ሰው ካሳ ሊከለከል ይችላል። እኔ ደግሞ ያን ሌሊት ምን ነበር ያልኩት? «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ቸኩዬ ነው።» ስለ ውሃው አንድ ቃል አልተነፈስኩም።

ወገኖቼ፣ ይህ የእኛ ሰው ጠባይ ነው። ሰው እግራችንን ረግጦን እንኳ እኛ ይቅርታ እንጠይቃለን። ትሕትና መልካም ነው። ነገር ግን ወለሉ ላይ ውሃ እያለ «ምንም የለም» ማለት ትሕትና አይደለም። ሐሰት ነው። እኔ ደግሞ ራሴን ብቻ የምጎዳ መስሎኝ ነበር።

ባለቤቴ ደብዳቤውን ጻፈ፤ እኔ ተናገርኩ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ከበሩ ሥር የሚወጣውን ውሃ፣ የደበዘዘውን መብራት፣ ያቀፍኩትን ከረጢት፣ ድምፁን የሰማችውን ነርስ፣ «ደህና ነኝ» ማለቴንም ጭምር ጻፍን። በሃያ ሰባተኛው ቀን ሰጥቼ ቅጂ አስቀረሁ። በኋላ የኢንሹራንሱ ሰው ደውሎ «ምን ላይ ተንሸራተትሽ?» ሲለኝ አፌ በልማድ «እኔው ነኝ...» ሊል ጀመረ። ባለቤቴ ከፊት ለፊቴ ሆኖ ያንን ቅጂ በጣቱ ነካ ነካ አደረገው። «ውሃ ላይ» አልኩ።

አሠሪው ካቀረበልኝ ሐኪሞች አንዱን መረጥኩ። ጉልበቴ ውስጥ ያለው ልም አጥንት ተቀድዶ ነበር። ኦፕራሲዮን ተደርጌ ሰባት ሳምንት ከሥራ ውጭ ሆንኩ። ለሕክምናው አልከፈልኩም። ለቀረሁበት ጊዜም ከደመወዜ ሁለት ሦስተኛው ተከፈለኝ። የመጀመሪያዎቹ ሰባት ቀናት መጀመሪያ አይታሰቡም ነበር፤ ከሦስት ሳምንት በላይ ስለ ቀረሁ ግን እነርሱም ተከፈሉኝ። ሐኪሙ «ወዲያው መጥተሽ ቢሆን ይህን ያህል ባልተባባሰ ነበር» አለኝ። ሃያ ሰባት ቀን በተቀደደ ጉልበት ሰው ሳነሣ ስለ ኖርኩ እስከ ዛሬ ደረጃ ስወርድ ያመኛል።

የጣራው መከታ

በዚያ ሰሞን በቤታችን በተራ የምናነበው ክፍል ኦሪት ዘዳግም ነበር። አንድ ማታ ባለቤቴ ምዕራፍ 22 ቁጥር 8 ላይ ደርሶ አንዴ አነበበውና ዝም አለ። እንደገና አነበበው። ትእዛዙ አዲስ ቤት ለሚሠራ ሰው የተሰጠ ነው። በዚያ ዘመን ጣራ ጠፍጣፋ ስለ ሆነ ሰው ይቀመጥበታል፣ ይሠራበታል። ስለዚህ ባለቤቱ በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲሠራ ታዟል። ሰው ቢወድቅ የደሙ ዕዳ በቤቱ ላይ ነውና።

ይህን ቃል ብዙ ጊዜ አልፌዋለሁ። በዚያ ማታ ግን አስደነቀኝ። እግዚአብሔር ስለ መሥዋዕትና ስለ አምልኮ በሚናገርበት በዚያው መጽሐፍ ስለ ጣራ ጠርዝ ይናገራል። ትእዛዙ ለሚወድቀው ሰው «ተጠንቀቅ» በማለት አልቆመም፤ የቤቱን ባለቤት «ሥራ» ይለዋል። ሰው ከወደቀ በኋላ ማዘን ብቻ ሳይሆን ሳይወድቅ በፊት መሥራት ያስፈልጋል። ስለ ባልንጀራ ፍቅር ስንሰብክ ቱቦ መጠገንና አምፖል መቀየርም በውስጡ እንዳለ አስበን እናውቃለን?

ከዚያ ሌላ ነገር ገባኝ። መከታ የሚሠራው ባለቤቱ ነው፤ ጠርዙ የት እንደ ሆነ የሚያውቀው ግን ጣራው ላይ የሚውለው ሰው ነው። ያየሁትን ካልተናገርኩ ባለቤቱ በምን ያውቃል? አውቆ ቸል ቢል ዕዳው የእርሱ ነው። አይቼ ዝም ብል ግን እኔም ከዕዳው ድርሻ አለኝ።

ደብዳቤዬና የጋናዋ እህት አደጋ አንድ ላይ ሲደርሱ በመኖሪያው ስብሰባ ተጠራ። የሻወር ክፍሉ ፍሳሽ ተጠገነ። በየመተላለፊያው ውሃ የሚመጥጥ መወልወያ በቅርብ ተቀመጠ፤ የልብስ ከረጢት በጋሪ እንጂ በእቅፍ እንዳይወሰድ ታዘዘ። የእኔ አንድ ደብዳቤ ይህን ሁሉ አደረገ አልልም፤ የእርሷ ዳሌ ነው ያናገራቸው። እርሷም ወደዚያ ሥራ አልተመለሰችም።

እንዲህ ያለው ጥንቃቄ ፍሬ እንዳለው የሚያሳይ ጥናት አለ። የአሜሪካ የሥራ ደህንነትና ጤና ተቋም ባለሙያዎች በሦስት ሆስፒታሎች ከ1996 እስከ 2005 እ.ኤ.አ. ያደረጉት ጥናት በ2008 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ሆስፒታሎቹ ለወለል ማጽጃ፣ ለማያንሸራትት ጫማ፣ ለውሃ መምጠጫ ምንጣፍ፣ ለበረዶ መጥረጊያና ለመሳሰለው ትኩረት ሲሰጡ፣ በመንሸራተትና በመውደቅ የሚቀርበው የሠራተኞች የካሳ ጥያቄ 58 በመቶ ቀነሰ። ተአምር አልተሠራም። ሰዎች ወለሉን አዩት፣ አስተካከሉትም።

ሀገር ቤት ላላችሁ

«ይህ የአሜሪካ ነገር ነው» እንዳትሉ። በሀገራችንም አረጋውያንን የሚጦሩ ቤቶች አሉ። በአቶ ቢኒያም በለጠ የተመሠረተው፣ በአዲስ አበባ የሚገኘው መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ብቻ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን ይይዛል። እንዲህ ባለ ቦታ ሁሉ አረጋውን የሚያጥብ፣ የሚደግፍና የሚያነሣ ሰው አለ፤ የእርሱም እግር ይንሸራተታል። ሆስፒታልም ሆቴልም ውስጥ ወለል የሚወለውሉ እህቶች አሉን።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል፤ ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ካልጎዳ በስተቀር ማለት ነው። የሕክምና ወጪ በአሠሪው ይሸፈናል። ሠራተኛው ለጊዜው መሥራት ካልቻለ እስከ አንድ ዓመት ክፍያ ያገኛል። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ ለሚቀጥሉት ሦስት ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ለቀሪዎቹ ስድስት ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ። አዋጁ ሠራተኛውም ያየውን አደጋ የሚያመጣ ብልሽትና የደረሰበትን ጉዳት ለአሠሪው እንዲያሳውቅ ያዛል። ዝም አለማለት መብት ብቻ ሳይሆን ግዴታም ነው።

በግለሰብ ቤት የምትቀጠር ሠራተኛ ግን በዚህ አዋጅ አትሸፈንም። ስለዚህ እናቱን ወይም አባቱን የምታጥብለት ልጅ የቀጠረ አማኝ ሁሉ ራሱን ይጠይቅ። የመታጠቢያ ቤቴ ወለል እንዴት ነው? ደካማዋን አያት ብቻዋን እንድታነሣ ነው የማዛት? ብትወድቅ አሳክማታለሁ ወይስ ወደ ገጠር እሸኛታለሁ? ሕግ ባይደርስባትም የጣራው መከታ ትእዛዝ ይደርስባታል።

እንደገና ቁይ

አሁን ወደ እናቴ ደጃፍ ልመልሳችሁ። ባለቤቴ ጉሮሮውን ከጠረገ በኋላ ቁጭ ብዬ እውነቱን ነገርኳት። እናቴ ሰምታ ሰምታ «አንቺ ልጅ፣ ውሸት ደግሞ ከመቼ ወዲህ ተማርሽ?» አለችኝ። ወዲያው ግን ፊቷን ወደ ታናሽ እህቴ አዞረች። «ይቺም እኮ እንዳንቺ ናት። ንገሪያት እንጂ!»

እህቴ አንገቷን ደፋች። ለካ ባለፈው ክረምት እናታችንን ደግፋ ወደ ውጭ ስታወጣ ደጃፉ ላይ ጭቃ አዳልጧት ወድቃለች። እናታችንን ላለመልቀቅ ስትል እጇ ከሥር ሆኖ አንጓዋ ተሰብሯል። ወጌሻ አሰራት። እጇን አየሁት፤ ጠመም ብሎ ነው የጠናው። እንጀራ ስትጋግር ምጣዱ ላይ ሊጡን የምታዞረው በግራዋ ሆኗል።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«እትዬ፣ አንቺ በሰው አገር እንዳትጨነቂ ብዬ ነዋ» አለችኝ።

እኔ እርሷ እንዳትጨነቅ ደበቅሁ፤ እርሷም እኔ እንዳልጨነቅ ደበቀች። ሁለታችንም እናት ስንጦር ወደቅን። እኔን የካሳ ኮሚሽን ያውቀኛል፤ እርሷን ግን ከእግዚአብሔርና ከወጌሻው በቀር ማን ያውቃታል? እርሷን ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ገንዘብ እልክ ነበር እንጂ አንድም ቀን «ደጃፉ እንዴት ነው?» ብዬ አልጠየቅሁም።

በማግስቱ ባለቤቴና የእህቴ ባል ድንጋይ አስመጡ። ደጃፉን ደልድለው፣ ውሃ እንዳይቋጥር ቦይ ቀድደው፣ ጥርብ ድንጋይ አነጠፉበት። ከዚያም ቀጥ ያለ ባሕር ዛፍ ልጠው ከእናቴ አልጋ እስከ በሩ፣ ከበሩም እስከ ሽንት ቤቱ በግድግዳው ላይ የእጅ መደገፊያ መቱ። ሥራው ሁለት ቀን አልፈጀም። እህቴ እናታችንን ብቻዋን እንዳታነሣም የጎረቤት ልጅ ጠዋትና ማታ እንድትረዳት፣ ለእርሷም እንድንከፍላት ተስማማን።

መደገፊያው ሲያልቅ እናቴ በእጇ እየዳበሰች ከአልጋዋ እስከ በሩ ብቻዋን ሄደች። በሩ ላይ ቆማ እንጨቱን ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገችና «ይኸን ይመስል ነገር አልነበረም እንዴ የጎደለን?» አለች። እህቴ ከኋላዋ እጆቿን ዘርግታ ቆማ ነበር፤ በልማድ። እናቴ ስትቆም እጆቿን አወረደች።

ውድ እህቴ፣ ውድ ወንድሜ፣ ዛሬ ማታ ከትዳር ጓደኛህ ጋር ስትቀመጥ «በሥራ ቦታሽ የሚያዳልጥ ነገር አለ ወይ?» ብለህ ጠይቃት። አንቺም ጠይቂው። የወደቃችሁበት ቀን ካለ ቀኑን፣ ቦታውንና ምክንያቱን በእውነት ጻፉት፤ ለሚመለከተውም ንገሩ። እናት አባታችሁን የሚጦርላችሁ ሰው ካለም ዛሬውኑ ደውላችሁ ስለ ገንዘቡ ብቻ ሳይሆን ስለ ደጃፉም ጠይቁ። በእርጅና የደከመውን የሚደግፍ እጅ፣ እርሱ ራሱ የሚይዘው ነገር ያስፈልገዋልና።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ። ለጣራችሁም መከታ ይስጣችሁ።